የተቀጠቀጠ ብረት መብራት ሲሰቀል የሚሠሩ ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ላይ አዲስ ቤት ለሠራ፣ ወይም መንዝ ውስጥ የአያቱን የድንጋይ ቤት ለሚያድስ ሰው የተቀጠቀጠ ብረት መብራት ትልቅ ጌጥ ነው። ጥቁር ብረት ከድንጋይና ከጥድ እንጨት ጋር ይስማማል። ግን አሰቃቀሉ ላይ ብዙ ነገር ይበላሻል።

የመጀመሪያው ስህተት አደገኛም ስለሆነ ረዘም አድርጌ ላስረዳ። መብራቱን ኮርኒስ ላይ ማንጠልጠል ነው። አንድ አምፖልና ፖርታ ላምፓ ቢሆን ኮርኒሱ ይችለዋል። ስድስት አምፖል የሚይዝ የብረት መብራት ግን ከ10 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል። ይህን ቺፑድም አቡጀዲም አይሸከምም። ኮርኒሱ የተመታበት ቀጭን ሞራሌም አያስተማምንም። ክብደቱ ማረፍ ያለበት ጣሪያውን በተሸከመው እንጨት ላይ ነው። እንጨቱ ከሚፈልጉት ቦታ ከራቀ፣ በሁለት ወራጆች መካከል ወፍራም አግዳሚ አስገብተው በብሎን ያሳስሩ። ጣሪያው ኮንክሪት ከሆነ ክብደቱን የሚችል የብረት ፊሸር ያስመቱ፤ ፕላስቲኩ ለዚህ አይሆንም። መብራቱን ሰንሰለት ይያዘው። የኤሌክትሪክ ገመዱ ላላ ብሎ ሰንሰለቱን ተከትሎ ይውረድ። ቦታውን ኮርኒስ ከመመታቱ በፊት ከወሰኑ ደግሞ በኋላ መቅደድ አይመጣም።

ሌላው አምፖሉ ነው። ለብረቱ ያን ያህል ገንዘብ አውጥቶ፣ ከሱቅ የተገኘውን ነጭ አምፖል መግጠም ያሳዝነኛል። 6,500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) የሚል አምፖል ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ያደላል። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በደብረ ብርሃን ብርድ፣ ሳሎኑን ይብስ ቀዝቃዛ ያስመስለዋል። ካርቶኑን አንብበው 2,700 ወይም 3,000 የሚለውን ይግዙ።

መሃል ላይ አንድ ትልቅ መብራት ሰቅሎ በቃኝ ማለትም ልክ አይደለም። ጥቁር ድንጋይ ብርሃን ይውጣል፤ ጥጋጥጉ ጨለማ ይሆናል። ትንንሽ የግድግዳ መብራቶች ያክሉ። የድንጋዩ ጠርዝና የመዶሻው ምት ቁልጭ ብለው የሚታዩት ብርሃን ከጎን ሲመታቸው ነው። እኔ አንዱን ትልቅ ትቼ ሦስት ትንንሽ ብገዛ እመርጣለሁ።

ከፍታው ቀላል ነው። ከምግብ ጠረጴዛ በላይ ከ75 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ሰው የሚያልፍበት ቦታ ግን ከወለሉ ቢያንስ 2.10 ሜትር ይሁን።

ብየዳ ቤት ሲያዙም ይጠንቀቁ። ቱቦላሬ ቆርጦና በይዶ ጥቁር የተቀባ ሁሉ የተቀጠቀጠ አይደለም። ቱቦላሬ ውስጡ ባዶ ነው፤ ቀለል ይላል፣ ዋጋውም ይረክሳል። ግን የመዶሻ ምት የለበትም። የተቀጠቀጠ ከፈለጉ ድፍን ብረት በእሳት አግሎ ወደሚመታ ቀጥቃጭ ይሂዱ።

አንኮበርና ጣርማበር አካባቢ ጉሙ በመስኮት ይገባል። እዚያ ብረትን ባዶውን መተው ዝገት መጥራት ነው። መጀመሪያ በብርጭቆ ወረቀት ያስፈትጉት፣ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ያስቀቡት፣ ከዚያ የማያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም በስሱ ይደረብበት። ቀለም ከወፈረ የመዶሻው ምት ይደፈናል፤ ያ ደግሞ የዋናው ውበት መጥፋት ነው።

በመጨረሻ ገመዱ። ብረት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ የቤታችን መስመር ደግሞ 220 ቮልት ነው። ገመዱ በሚያልፍበት ቱቦ ስለታም ጠርዝ ከተላጠ መብራቱ በሙሉ ሰው ይይዛል። ጠርዙ ይሞረድ፣ የመሬት ሽቦው ከብረቱ አካል ጋር ይታሰር። ይህን ባለሙያ ይሥራው፤ መብራቱ ሳይሰቀል፣ ገና መሬት ላይ እያለ ይፈትሸው።