ስፖንጁ ነፍስ አለው፦ ከቆየ አኳሪየም ፊልተር ተውሰን አዲስ ስንጀምር የምንሠራቸው ስህተቶች

አንድ ጓደኛዬ ለሦስት ዓመት ካቆየው አኳሪየም ላይ የፊልተር ስፖንጅ ቆርጦ ሰጠኝ። ጥቁር ቡናማ ነው፤ ሲነኩት ያሙለጨልጫል። ቤት እንደገባሁ ቧንቧ ከፍቼ ፈተግኩት። ውሃው ኩልል ብሎ እስኪወርድ ድረስ አልተውኩትም። ከዚያ ደስ እያለኝ አዲሱ ፊልተር ውስጥ ከተትኩት፤ በማግሥቱም ስድስት ዓሣ ገዝቼ ጨመርኩ። በአምስተኛው ቀን አራቱ ሞተው ነበር።

ያን ቀን በገዛ እጄ የደፋሁት እርሾዬን ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ከዓሣው ሰውነት አሞኒያ ይወጣል። የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ ዓሣ ይገድላል። በቆየ ፊልተር ላይ ግን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ወደ ናይትሬት የሚቀይሩ ባክቴሪያዎች ተጣብቀው ይኖራሉ። ናይትራይትም መርዝ ነው። ናይትሬት ግን ካልበዛ አይጎዳም፤ ውሃ ስንቀይር አብሮ ይወጣል። እነዚህን ባክቴሪያዎች ከባዶ ለማሳደግ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። በደንብ የተያዘ ስፖንጅ ይህን ወደ ጥቂት ቀናት፣ ቢበዛ ወደ አንድ ሁለት ሳምንት ሊያወርደው ይችላል። በደንብ ካልተያዘ ግን እንደኔ መሆን ነው።

በቧንቧ ውሃ ማጠብ

ከለገዳዲም ይምጣ ከገፈርሳ፣ የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው። ክሎሪን የሚጨመረው ደግሞ ባክቴሪያ እንዲገድል ነው። የእኛ ባክቴሪያ ጠቃሚ ነው ብሎ አይምረውም። ስፖንጁ በጣም ከተደፈነ ከዚያው ከአሮጌው አኳሪየም በሳፋ ውሃ ቀድታችሁ፣ አንዴ ሁለቴ ጨመቅ ጨመቅ አድርጋችሁ አውጡት። ቡናማ መልኩ አይለቅም፤ መልቀቅም የለበትም። በሳሙና ወይም በፈላ ውሃ ማጽዳት የሚያምራችሁ ካላችሁ፣ አዲስ ስፖንጅ ብትገዙ ይሻላል። ውጤቱ አንድ ነው።

ብዙ ሰው የሚረሳው ሁለተኛ በር አለ። ስፖንጁን ተጠንቅቆ ያመጣና አዲሱን አኳሪየም በቀጥታ ከቧንቧ ይሞላዋል። ያው ክሎሪን ነው እኮ! ውሃውን ቀድሞ አፉ በተከፈተ ባልዲ ከአንድ ቀን በላይ ማሳደር ይረዳል። ክሎራሚን (ክሎሪንና አሞኒያ የተዋሃዱበት የውሃ ማከሚያ) ያለበት ውሃ ግን በማሳደር ብቻ አይጸዳም። የክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ ካገኛችሁ ከሁሉም የተሻለው እሱ ነው።

ፌስታል ውስጥ ቋጥሮ መርሳት

የእርሾው ምሳሌ እዚህ ላይ ይከዳናል። እርሾ ተከድኖ ያድራል፤ ምንም አይሆንም። እነዚህ ባክቴሪያዎች ግን ያለ ኦክስጅን አይሠሩም። ስፖንጁ ላይ ብዙ ሌላ ሕይወትም ስላለ፣ በተዘጋ ጥቂት ውሃ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ቶሎ ያልቃል። በፌስታል ታስሮ፣ መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ፣ መንገድ ላይ ቡና ተጠጥቶ፣ ማታ ሲፈታ የሚሸት ነገር ይወጣል። ሸተተ ማለት ሞት ጀምሯል ማለት ነው።

አያያዙ ቀላል ነው። እርጥብ ይሁን እንጂ የግድ ውሃ ውስጥ መዘፈቅ የለበትም። ከአሮጌው አኳሪየም ውሃ አርሳችሁት፣ ክዳኑ ባልጠበቀ ሰፊ ዕቃ ውስጥ፣ ከላዩ አየር እያገኘ ቢመጣ ይበቃዋል። መድረቅ የለበትም፤ መጋልም የለበትም። ቤት እንደደረሳችሁም ሌላውን ሥራ ትታችሁ መጀመሪያ እሱን አስገቡ። ስለዚህ አዲሱ አኳሪየም ስፖንጁ ከመምጣቱ በፊት ተሞልቶ፣ ፊልተሩም እየሠራ ይጠብቀው።

ለአዲስ አበባ ሰው እዚህ ላይ የምጨምረው አለኝ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ናት። የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ውሃው ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ውጭ አገር ያለ ሰው ችላ የሚለው የአየር ፓምፕ ለእኛ ቅንጦት አይደለም።

መብራት ሲጠፋስ? ስፖንጁ አኳሪየሙ ውስጥ ባለ ተራ በአየር የሚሠራ ፊልተር ላይ ከሆነ ለጥቂት ሰዓት ብዙ አትጨነቁ። በዙሪያው ብዙ ውሃ አለው። የሚያስፈራው ከውጭ የሚቀመጠው ዝግ ፊልተር ነው። ሞተሩ ሲቆም ውስጡ ያለው ውሃ ታፍኖ ይቀራል። መብራቱ ቶሎ የሚመለስ ካልመሰላችሁ ከፍታችሁ ስፖንጁንና ባክቴሪያ የሚጣበቅባቸውን የሴራሚክ ቀለበቶች አኳሪየሙ ውስጥ አድርጓቸው። ሌሊቱን ጠፍቶ አድሮ ከሆነ ደግሞ ፊልተሩ ውስጥ የታፈነውን ውሃ ሳትደፉ ማብሪያውን እንዳትነኩ። ያን ውሃ ዓሣዎቹ ላይ መልቀቅ መርዝ እንደማፍሰስ ነው።

ውሃውን ይዞ ስፖንጁን መተው

«ከቆየው አኳሪየም አንድ ባልዲ ውሃ ስጠኝ» የሚል ሰው ብዙ ነው። ባክቴሪያዎቹ የሚኖሩት ዕቃ ላይ ተጣብቀው ነው። ስፖንጅ፣ ጠጠር፣ ቀለበት ላይ። ውሃው ውስጥ የሚንሳፈፈው ከቁጥር አይገባም። ባልዲው የሚያተርፍላችሁ የወገብ ሕመም ብቻ ነው።

ሰጪውን ማራቆት

ጓደኛችሁ ለጋስ ቢሆንም እናንተ እወቁለት። ካለው ስፖንጅ ሩቡን፣ ቢበዛ ሲሶውን ውሰዱ። ሙሉውን ከወሰዳችሁ የእሱ ዓሣዎች አሞኒያ ውስጥ ይቀራሉ። የእናንተ አኳሪየም ተጀምሮ የእሱ ሲያልቅ፣ ወዳጅነቱም አብሮ ነው የሚያልቀው።

ጥግ ላይ መጣል

ስፖንጁን አምጥቶ አሸዋው ላይ ማስቀመጥ ብዙም ጥቅም የለውም። ውሃ በውስጡ ማለፍ አለበት፤ አሞኒያውም ኦክስጅኑም የሚደርሱት በውሃው ፍሰት ነው። አዲሱ ፊልተር ውስጥ ካልገባ በመቀስ ቆርጣችሁ አግቡት። መቁረጥ አይጎዳውም። በእጅ ጨምቆ ጭማቂውን አዲሱ አኳሪየም ውስጥ መልቀቅም የተለመደ ነው። ትንሽ ይረዳል፤ ግን ዋናው ስፖንጁ ላይ ነው የሚቀረው።

ስፖንጅ አለ ተብሎ ዓሣ መሙላት

እንደኔ እንደኔ ብዙ ዓሣ የሚፈጀው ይኼ ነው። አንድ ስፖንጅ ላይ ያለው ባክቴሪያ ብዛቱ ሲመግበው በነበረው አሞኒያ ልክ ነው። አምስት ትንንሽ ጉፒ ከነበሩበት አኳሪየም የመጣ ቁራጭ፣ አሥር ጎልድፊሽ አይችልም። ጎልድፊሽ ደግሞ በልቶ የሚያቆሽሸው ሌላ ነው።

ባክቴሪያዎቹ አይባዙም ወይ ትሉኛላችሁ። ይባዛሉ፤ ግን ቀስ ብለው። ምግብ የሚያበላሹት ተራ ባክቴሪያዎች በሰዓት ውስጥ እጥፍ ይሆናሉ። እነዚህ በተመቸ ሁኔታም ግማሽ ቀን፣ አንድ ቀን፣ አንዳንዴ ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ። ሙቀቱ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሲሆን ደስ ይላቸዋል። በክረምት ማሞቂያ በሌለው ሳሎን ውስጥ ግን በጣም ይዘገያሉ።

ስለዚህ በሁለት ወይም በሦስት ትንንሽ ዓሣ ጀምሩ። ምግቡንም ቀንሱ። አንድ ሁለት ሳምንት ጠብቃችሁ ሌላ ጨምሩ።

ተቃራኒውን የሚያደርጉም አሉ። «ውሃው ይረጋጋ» ብለው ስፖንጁን ለሦስት ሳምንት ያለ አንድ ዓሣ ያስቀምጡታል። አሞኒያ የለ፣ ምግብ የለ፤ ባክቴሪያው እየመነመነ ይሄዳል። ዓሣ እስኪመጣ በየቀኑ ቆንጠር እያደረጋችሁ የዓሣ ምግብ ጣሉበት። ሲበሰብስ እነሱን ይመግባል።

ሳይለኩ ማመን

ውሃው ጠርቷል ማለት ደህና ነው ማለት አይደለም። አሞኒያ ቀለም የለውም። የእኔ አራት ዓሣዎች የሞቱት እንደ ብርጭቆ በጠራ ውሃ ውስጥ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ አሞኒያና ናይትራይት ለኩ። ሁለቱም ዜሮ ሲሆኑና ዜሮ ሆነው ሲቆዩ ነው ተሳካ የሚባለው። ከፍ ካሉ ከውሃው ሩቡን እስከ ግማሹን ክሎሪኑ በወጣለት ውሃ ቀይሩ። መለኪያ ወረቀት ስትገዙ ማሸጊያውን አንብቡ። ብዙዎቹ አሞኒያን አይለኩም፤ እኛ የምንፈልገው ደግሞ በዋናነት እሱን ነው።

በሽታ አብሮ መዋስ

ዓሣ ላይ እንደ ጨው ፍንጣቂ የሚታየው የነጭ ነጠብጣብ በሽታ ተውሳክ፣ በሕይወቱ አንዱ ደረጃ ላይ ዓሣውን ለቆ ዕቃ ላይ ተጣብቆ ይባዛል። ያ ዕቃ ስፖንጅም ሊሆን ይችላል። ከመውሰዳችሁ በፊት ጠይቁ፤ በቅርቡ የታመመ ወይም የሞተ ዓሣ ነበረ ወይ? አዲስ ዓሣ ገብቷል ወይ? መልሱ አዎ ከሆነ አመስግናችሁ ተመለሱ። ከዓሣ መሸጫ ሱቅ መውሰድን በግሌ አልወደውም። እዚያ በየሳምንቱ አዲስ ዓሣ ይገባል።

ደግሞ ከጨዋማ ውሃ አኳሪየም የመጣ ስፖንጅ ለጨው አልባ ውሃ አይሆንም። ባክቴሪያዎቹ ያንን ለውጥ አይችሉትም።

ቶሎ ማውጣት

አዲሱ ፊልተር የራሱ ነጭ ስፖንጅ ስላለው፣ አሮጌው ቁራጭ መልኩን ያበላሻል ተብሎ በሁለተኛው ሳምንት ይወጣል። ነጩ ገና ምንም አልያዘም። ቢያንስ ለአንድ ወር ተኩል ጎን ለጎን ይቀመጡ።

ጊዜ ካላችሁ ደግሞ ጭራሽ መቁረጥም አያስፈልግም። ለእናንተ የገዛችሁትን አዲስ ስፖንጅ አስቀድማችሁ ለጓደኛችሁ ስጡትና ከእሱ ፊልተር አጠገብ ለአንድ ወር ወይም ከዚያ በላይ ይሥራ። እኔ ሁለተኛውን አኳሪየሜን የጀመርኩት እንዲህ ነው። ጓደኛዬ ስፖንጁን ሲያስረክበኝ ቧንቧው ያለበት በኩል ሄዶ ቆመ፤ አላመነኝም።