ሲሶ ይበልጣል ወይስ ሩብ? አንድን ትምህርት በብዙ በር ማስተማርና መመዘን

አራተኛ ክፍል ገብታችሁ ሰሌዳው ላይ 1/3 እና 1/4 ጻፉ። «የቱ ይበልጣል?» ብላችሁ ጠይቁ። ለ1/4 ብዙ እጅ ይወጣል። ለምን ስትሉ መልሱ ዝግጁ ነው፦ «ቲቸር፣ 4 ከ3 ይበልጣላ!» ልጁ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። እስከ ትናንት ያስተማርነውን ነው የመለሰልን።

ለዚህ ስህተት ለዓመታት አንድ መድኃኒት ብቻ ነበረኝ፦ ያንኑ ማብራሪያ ድምፅ ጨምሮ መድገም። የገባቸው ይበልጥ ገባቸው፤ ያልገባቸው እዚያው ቀሩ። መልቲፕል ኢንተለጀንስ (ብዙ ዓይነት ብልህነት) የሚባለው ንድፈ ሐሳብ የጠቀመኝ እዚህ ላይ ነው።

ሐሳቡ የሃርቫርዱ የሥነ ልቦና ምሁር የሀዋርድ ጋርድነር ነው። ጋርድነር በአንድ በኩል ከልጆች ጋር፣ በሌላ በኩል ቦስተን ውስጥ አንጎላቸው ከተጎዳ ሕሙማን ጋር ይሠሩ ነበር። አንጎል ሲጎዳ ሁሉም ችሎታ እኩል አይጠፋም። ንግግር የጠፋበት ሰው ዜማውን ከነግጥሙ ሊያወጣ ይችላል። ከዚህ ተነስተው እ.ኤ.አ. በ1983 ብልህነት አንድ ብቻ አይደለም አሉ። የቋንቋ፣ የሎጂክና የሒሳብ፣ የቅርጽና የቦታ፣ የሙዚቃ፣ የአካል እንቅስቃሴ፣ ሰውን የመረዳትና ራስን የመረዳት ብለው ሰባት ቆጠሩ። ተፈጥሮን የመለየት ችሎታን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ስምንተኛ አድርገው ጨመሩ።

ሁሉም ተመራማሪ አልተቀበላቸውም። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ምሁር ቻርልስ ስፒርማን ገና እ.ኤ.አ. በ1904 እንዳሳዩት፣ በአንድ ዓይነት ፈተና ጎበዝ የሆነ ሰው በሌላውም ጥሩ የመሆን ዝንባሌ አለው። ስለዚህ ችሎታዎቹ ያን ያህል የተለያዩ አይደሉም የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔም ክርክሩን ልፈታ አልተነሳሁም። የምወስደው አንድ ነገር ነው፦ አንድ ሐሳብ ብዙ በር አለው።

ወደ ሥራው እንግባ።

መጀመሪያ፦ ልጆቹ ላይ ስም አትለጥፉ

ይህን ያስቀደምኩት ራሴ ስለተሳሳትኩ ነው። አንድ ዓመት መጠይቅ አስሞልቼ ልጆቹን «የሙዚቃ»፣ «የቋንቋ»፣ «የአካል» ብዬ መደብኳቸው። ወር ሳይሞላ «የአካል» ያልኩት ልጅ ደብተር ማውጣት አቆመ። ለምን አትጽፍም ስለው «እኔ እኮ የሩጫ ልጅ ነኝ» አለኝ። ምን ልበለው? ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ።

ጋርድነር ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2013 ብልህነቶቹ «የመማር ስልት» ከሚባለው (አንዱ ልጅ በማየት፣ ሌላው በመስማት ይማራል ከሚለው ሐሳብ) ጋር እንዳይምታቱ ጽፈዋል። ልጅን በስልት ከፋፍሎ ማስተማር ውጤት እንደሚያሻሽልም አሳማኝ ማስረጃ የለም። በሮቹ ለሁሉም ልጅ ይከፈቱ።

ሁለተኛ፦ ግቡን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

የኛ ግብ ይህ ነው፦ «ተማሪው አንድ ሙሉ ነገር ለብዙ እኩል ክፍሎች ሲከፈል እያንዳንዱ ክፍል እንደሚያንስ በራሱ አነጋገር ያስረዳል።» ይህን ሳትጽፉ ጨዋታ ከጀመራችሁ፣ ጨዋታው ይደምቃል፣ ሒሳቡ ይጠፋል።

ሦስተኛ፦ በሮቹን ምረጡ

ስምንቱንም ለማስገባት አትጨነቁ። ሦስት ወይም አራት ይበቃል፤ ተፈጥሮን ለክፍልፋይ በግድ መጎተት ትርፉ ድካም ነው። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ከሆነ ደግሞ ለሁለት ቀን አከፋፍሉት። እኔ ሁሉንም በ12 ቁጥር ነው የማስኬደው፤ ለ3ም ለ4ም ያለ ትራፊ ይካፈላልና።

የታሪክ በር። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት ጭሰኛ ከምርቱ ለባለ መሬቱ ይከፍል ነበር። እንደየውሉ እኩል፣ ሲሶ ወይም እርቦ ይባላል። ሲሶ ከሦስት አንድ፣ እርቦ ከአራት አንድ ነው። አሁን ጠይቁ፦ «ገበሬው 12 ኩንታል ጤፍ አመረተ። ባለ መሬቱ ‹ሲሶ ልውሰድ ወይስ እርቦ?› ቢለው ምን ይበል?» ልጆቹ ያሰላሉ። ሲሶ 4 ኩንታል፣ እርቦ 3 ኩንታል። ገበሬው እርቦ ይላል! ቃላቱን ማታ አያቶቻቸውን እንዲጠይቁ ላኳቸው። በማግስቱ ይዘውት የሚመጡት ወሬ ከመጽሐፉ ይበልጣል።

የእግር በር። ረዘም ያለ ገመድ ግቢው ውስጥ ዘርጉ። ርዝመቱ 12 እርምጃ ይሁን። በየእርምጃው ቋጠሮ ቋጥሩ። አንዱ ልጅ ገመዱን ለሦስት አካፍሎ የመጀመሪያው ክፍል መጨረሻ ላይ ይቁም፣ ሌላዋ ለአራት አካፍላ ትቁም። እሱ 4ኛው ቋጠሮ ላይ፣ እሷ 3ኛው ላይ ናቸው። ማን ራቀ? ቋጠሮው ሌላ ጥቅምም አለው፤ ማየት የተሳነው ተማሪ በእጁ እየዳሰሰ እኩል ይሠራል።

የምት በር። ክፍሉ በሙሉ አብሮ እስከ 12 ይቆጥራል። በቀኝ ያሉት በ4፣ በ8 እና በ12 ያጨበጭባሉ። በግራ ያሉት በ3፣ በ6፣ በ9 እና በ12። ቀኞቹ ጊዜውን ለሦስት፣ ግራዎቹ ለአራት ከፈሉት። «የማን ጭብጨባ ተቀራረበ?» በሉ። የግራዎቹ። ብዙ ስለከፈሉት ክፍሉ አጠረ። ሁለቱ ወገን 12 ላይ ሲገናኙ የሚወጣውን ሳቅ አስቀድሜ አልነግራችሁም። መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች ካሉ ጠረጴዛ ይመታ፤ በመዳፋቸው ይሰማቸዋል።

ለቅርጽ ደግሞ ወረቀት ማጠፍ ይበቃል። ሁለት እኩል ወረቀት፣ አንዱ ለሦስት፣ አንዱ ለአራት። ለሦስት ማጠፉ ያስቸግራቸዋል፤ ይታገሉ።

ሙዚቃ ከፍቶ ሒሳብ ማሠራት ግን የሙዚቃ በር አይደለም። ዜማው ራሱ ሒሳቡን ካልተሸከመ ማጀቢያ ነው።

አራተኛ፦ ወደ ደብተር መልሷቸው

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ ነው። የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ገመድ ይዞ አይመጣም። ስለዚህ እያንዳንዱ በር ሲዘጋ ሁለት ደቂቃ ስጡና «አሁን ያደረጋችሁትን በቁጥር ጻፉት» በሉ። በቋጠሮው የቆመው ልጅ 12÷3=4 ብሎ ይጽፋል። ከሥሩ «ዛሬ ይበልጥ የገባኝ በየቱ ነው?» የምትለዋን ጥያቄ ይመልስ። ራስን ማወቅ የሚለው ብልህነት ከዚህ በላይ ወግ አያሻውም።

አምስተኛ፦ ምዘናው

መልስ ማቅረቢያውን ልጁ ይምረጥ፤ መመዘኛው ግን ለሁሉም አንድ ይሁን። በጽሑፍ፣ በቃል፣ በወረቀት አጥፎ ወይም በምት ማሳየት ይችላል። ከአራት ማርክ እንዲህ ነው የምይዘው፦

ትክክለኛውን መምረጥ 1። ምክንያቱን ማስረዳት 2። ባልተሠራ አዲስ ጥንድ ላይ፣ ለምሳሌ 1/5 እና 1/6፣ መድገም 1።

የመጨረሻዋ ማርክ ብልሃት አላት። 12 ለ5 በሙሉ ቁጥር አይካፈልም፣ ስለዚህ የሸመደደው ልጅ እዚህ ይያዛል።

አንድ ጊዜ ሦስት ልጆች ጠረጴዛ እየመቱ እንዲህ አሳመሩት፤ ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። 4 ከ4 ልጽፍ እስክሪብቶ አንስቼ ነበር። «እሺ፣ የቱ ነው የሚበልጠው?» አልኳቸው። «ሲሶ!» አሉ። «ለምን?» ዝም። 1 ከ4 አገኙ። አኮረፉ፣ ግን በማግስቱ ለምን እንደሆነ ተዘጋጅተው መጡ።

የተገላቢጦሹም አለ። ባዶ ወረቀት የመለሰች ልጅ ገመዱ ጋ ስትወሰድ ትክክለኛው ቋጠሮ ላይ ቆማ «ለብዙ ሰው ሲሆን ድርሻዬ ያንሳላ» አለች። ሁለቱም የምክንያት ማርክ ይገባታል። የቀራት መጻፉ ነው። አሁን ምን እንደምረዳት አወቅሁ፤ ባዶው ወረቀት ይህን አልነገረኝም ነበር።

60 ተማሪ ይዤስ?

ሁሉንም በአንድ ቀን አትመዝኑ። በቀን 6 ልጅ ብቻ አስተውሉ፤ በ10 የትምህርት ቀን ክፍሉ ያልቃል። ትንሽ ማስታወሻ ያዙና በስሙ ትይዩ አንድ መስመር ጻፉ፦ «በቃል አስረዳ፣ ሲጽፍ ቁጥሮቹን ገለበጠ።» ለተከታታይ ምዘና ማርክ ስትሞሉ ከየት አመጣችሁት ለሚል ሰው ማስረጃችሁ እሱ ነው። ወላጅ ሲመጣም «ልጅዎ ደካማ ነው» ከማለት ያድናል።

ገመዱንም አትጣሉት። በሚቀጥለው ሳምንት «ሁለት ሲሶ ይበልጣል ወይስ ሦስት ሩብ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሲሶ እንደሚበልጥ በደንብ ስለያዙ ብዙዎቹ «ሁለት ሲሶ!» ብለው ይጮሃሉ። አትከራከሯቸው፣ ወደ ግቢ ውጡ። አንዱ 8ኛው ቋጠሮ ላይ፣ ሌላዋ 9ኛው ላይ ትቆማለች።