በበዓል በግ እግር ላይ የጡንቻንና የጅማትን መገናኛ ለማየት

ሱሉልታ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ሯጮች በቡድን በቡድን ሆነው ያልፉኛል፤ አንዳንዶቹ የራሴ ተማሪዎች ናቸው። ባለፈው ዓመት አንዱ እያነከሰ መጣና «ቲቸር፣ ባቴ ላይ የሆነ ነገር ጧ አለ» አለኝ። የት ጋ እንደሆነ አሳየኝ ስለው፣ ባቱ አልቆ ጅማቱ የሚጀምርበት ላይ ጣቱን አሳረፈ። የሯጮች የጡንቻ መሰንጠቅ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው እዚያው መገናኛ አጠገብ ነው። ቦታውን በዓይን ለማየት የፋሲካ በግ ይበቃል።

በጉ ሲገፈፍ አጠገቡ ቁሙ። የሚሰቀለው በኋላ እግሩ ነው። የሚገፈው ሰው በአጥንቱና በቋንጃው መካከል በቢላ ይበሳና ገመዱን ያሳልፍበታል። በጉ እንዳለ በዚያች ቀጭን ጅማት ይንጠለጠላል። ልጆቹን እዚህ ላይ አስቁሙና አሳዩአቸው። ይህ ቋንጃ እኛ ከተረከዛችን በላይ የምንዳብሰው ወፍራም ጅማት አቻ ነው። በግ የሚቆመው በጣቱ ጫፍ ስለሆነ ተረከዙ ሽቅብ ወጥቷል፤ ወደ ኋላ የታጠፈ ጉልበት የሚመስለን እሱ ነው።

ብልት ሲወጣ ያን እግር ለምናችሁ ውሰዱ። ቋንጃውን ይዛችሁ ወደ ሥጋው ተከተሉት። የሸፈነውን ስስ ነጭ ነገር በጥፍራችሁ ግፈፉት። ቢላ አትንኩ፤ ልታዩት የመጣችሁትን ይቆርጥባችኋል። ነጩ አልቆ ቀዩ የሚጀምርበት አንድ መስመር አታገኙም። ጅማቱ እየሳሳ ሄዶ እንደ ሉህ ሥጋው ላይ ይነጠፋል። የሥጋው ክሮች ደግሞ በሰያፍ እየመጡ አንድ በአንድ ይያያዙታል። ብርሃን ላይ ያዙትና ቀስ ብላችሁ ሳቡት፤ የክሮቹ አሰላለፍ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ዓይን የሚደርሰው እስከዚህ ነው። ቀጣዩን በደብተር አሳያለሁ። ሁለት ባለ 50 ሉክ ደብተር ውሰዱና ሉኮቻቸውን አንዱን በአንዱ መሃል እያስገባችሁ አጠላልፏቸው። ከዚያ ሁለት ልጆች ደብተሮቹን በጀርባ በኩል ይዘው ወዲያና ወዲህ ይጎትቱ። ጎረምሶችም ቢሆኑ ይቸግራቸዋል። የጡንቻ ሴል ጫፍም ጠፍጣፋ አይደለም፤ ተጣጥፏል፣ የጅማቱ የኮላጅን ክሮችም እጥፋቶቹ ውስጥ ይገባሉ፤ ኮላጅን ጅማት የተሠራበት ጠንካራ ፕሮቲን ነው። በዚህ ምክንያት የሚነካኩበት ስፋት ከአሥር እጥፍ በላይ ይጨምራል፣ ጉልበቱም ተከፋፍሎ ያርፋል። ልጆቹ እንዳይሳሳቱ ግን አንድ ነገር ንገሯቸው፦ ደብተሮቹን የያዛቸው ሰበቃ ነው፣ በሰውነታችን ውስጥ የሚይዙት ፕሮቲኖች ናቸው።

ፕሮቲኖቹን እጅ ለእጅ የተያያዙ ሰዎች አድርጋችሁ አስቧቸው። ሴሉ ውስጥ አክቲን የተባለው የፕሮቲን ክር ይጎትታል። እሱን ታሊንና ቪንኩሊን ይይዙታል። እነሱ ኢንተግሪንን ይይዛሉ፤ ኢንተግሪን የሴሉን ሽፋን አቋርጦ ወደ ውጭ ይወጣል። ውጭ ላሚኒን ይቀበለዋል፣ ከዚያ ኮላጅን። ከጎኑ ሌላ ሰልፍ አለ፣ ዲስትሮፊን ያለበት። ዲስትሮፊን ሳይኖራቸው የሚወለዱ ልጆች ጡንቻቸው ከዓመት ዓመት እየደከመ ይሄዳል፤ በሽታው ዱሼን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ ኮላጅን 22 የተባለ ዓይነት ተገኘ፤ በጡንቻ በኩል ያለው በዚሁ መገናኛ ላይ ብቻ ነው። ይህን ሳስተምር ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ለዚህች ስስ ድንበር ሰውነት የተለየ ኮላጅን መድቦላታል!

ወደ ልጁ ልመለስ። መጀመሪያ ወጌሻ ጋ ሄዶ በኃይል ታሸ። ጉዳቱ ትኩስ ሳለ ማሸት የውስጥ መድማቱን ያባብሳል፤ እባካችሁ አታድርጉት። ቀጥሎ ሁለት ሳምንት ጭራሽ አልተንቀሳቀሰም። በሦስተኛው ተነሥቶ ዳገት ሮጠ፣ እንደገና ጧ አለ። በአይጦች ላይ በተደረጉ ጥናቶች እግር ታስሮ ሲቀመጥ የጡንቻ ሴሎቹ ጫፍ እጥፋቶች ይቀንሳሉ፤ ሥራ ሲያገኝ መገናኛው ይጠነክራል። ስለዚህ ሕመሙ ጋብ ሲል ደረጃ ጫፍ ላይ ቆሞ ተረከዝን ቀስ አድርጎ ማንሳትና ማውረድ ይጀመራል። በሁለት እግር፣ ከዚያ በአንድ፣ ከዚያ ሸክም ይዞ። ሩጫው በመጨረሻ ይመጣል። በአንድ እግር ጣት መቆም ካቃተ ወይም ጅማቱ ላይ ጎድጎድ ያለ ቦታ ከተዳሰሰ ግን ሐኪም ቤት ነው።

አይታችሁ ስትጨርሱ እግሩን እጠቡትና ድስት ውስጥ ጨምሩት። በለሰለሰ እሳት ሦስት አራት ሰዓት ይብሰል። ሥጋው ክር በክር ይለቃል፣ ነጩ ጅማት ብርሃን እያሳለፈ ይለሰልሳል። ጥቂት መረቅ በሲኒ አስቀምጡና ጠዋት ልጆቹን ጥሩ። የሱሉልታ ብርድ ካረጋው በማንኪያ ይንኩት፤ የሚንቀጠቀጠው ትናንት በጉን አንጠልጥሎ የያዘው ኮላጅን ነው።