የሄድሴት ማይክ ለፖድካስት፦ ድምፁ ሲበላሽ ምክንያቱና መፍትሄው

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ገብታችሁ አዲስ ሄድሴት ከመግዛታችሁ በፊት አሁን ባላችሁ አንድ ደቂቃ ቅዱ። መጀመሪያ አሥር ሰከንድ ዝም በሉ። ቀጥሎ እንደወትሯችሁ አውሩ። መጨረሻ ላይ «ፓፓያ፣ ፖሊስ፣ ጴጥሮስ» በሉ። የቀዳችሁትን በጆሮ ማዳመጫ ስሙት። ከታች ካሉት ችግሮች የትኛው እንዳለባችሁ ያኔ ይለያል፤ ብዙው ያለ ምንም ወጪ ይስተካከላል።

ማይኩ ጨርሶ አይሰማም

የጃኩን ብረት እዩና ጥቁር ቀለበቶቹን ቁጠሩ። ሦስት ከሆኑ ማዳመጫውና ማይኩ በአንድ ጃክ ተጠቃለዋል ማለት ነው። የስልክና የአብዛኞቹ አዳዲስ ላፕቶፖች ቀዳዳ ይህን ይቀበላል። የቆዩ ኮምፒውተሮች ግን አረንጓዴና ሮዝ፣ ለየብቻ ሁለት ቀዳዳ አላቸው። ለእነሱ አንዱን ጃክ ለሁለት የሚከፍል አጭር ገመድ ያስፈልጋል። ሄድሴቱ ሁለት ጃክ ኖሮት ስልክ ላይ ልትሰኩት ከሆነ ደግሞ ሁለቱን ወደ አንድ የሚያመጣውን ጠይቁ።

ጃኩ ልክ ከሆነ ገመዱ ላይ ያለችውን የማይክ ማጥፊያ ተመልከቱ። ከዚያ የዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ ግቡና ፕራይቬሲ ሥር ፕሮግራሞች ማይክ እንዲጠቀሙ መፈቀዱን አረጋግጡ።

ድምፁ የስልክ ጥሪ ይመስላል

ብሉቱዝ ነው። የብሉቱዝ ሄድሴት ሙዚቃ ሲያጫውት በጥሩ ጥራት ይሠራል። ማይኩ ሲከፈት ግን አብዛኛው ወደ ጥሪ ዘዴ ይቀየራል፤ ድምፁም በ8 ወይም በ16 ኪሎኸርዝ ብቻ ይቀዳል። ለፖድካስት የተለመደው 44.1 ወይም 48 ነው። ዋጋው ውድ መሆኑ እንኳ ከዚህ አያድነውም። ለቀረጻ ባለገመድ ተጠቀሙ፤ ብሉቱዙን ለመንገድ ተዉት።

ከጀርባ ሹሹታ አለ

ድሬ ላይ ትልቁ ችግር ይህ ነው። ያለ ቬንትሌተር መቀመጥ አይቻል፣ ቬንትሌተሩ ደግሞ ቀረጻ ውስጥ ይገባል። የሚገባው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ የሞተሩና የክንፉ ሹሹታ ነው። ሌላው ነፋሱ ራሱ ማይኩን ሲመታው የሚፈጠረው ጉርምርምታ ነው። ሁለተኛው ይብሳል፤ በኋላ በፕሮግራም ላጥፋው ቢሉት ንግግሩን ይዞ ይሄዳል።

ነፋሱን ወደ እግራችሁ አዙሩት። ማይኩ ላይ የስፖንጅ ሽፋን አድርጉ። ሹሹታው ከቀጠለ ቬንትሌተሩን አጥፍታችሁ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ቅዱ፣ ከዚያ አብሩና ውሃ ጠጡ፣ እንደገና ቀጥሉ። አድካሚ ነው፤ ልዩነቱ ግን ወዲያው ይሰማል።

ሰዓትም መምረጥ ያስፈልጋል። ቀትር ላይ ሱቁ ይዘጋል፣ ባጃጁም ይቀንሳል፤ ውጭው ፀጥ ሲል ክፍሉ ይግላል። እኔ የምመርጠው ከሱብሂ አዛን በኋላ ባጃጆች ሳይበዙ ያለውን ሰዓት ነው። አየሩም ቀዝቀዝ ያለ ስለሆነ ቬንትሌተር አያስፈልግም።

ለዚህ ነው ድሬ ላይ ለሚቀዳ ሰው ጠረጴዛ ላይ ከሚቀመጥ ኮንደንሰር ማይክ ይልቅ ደህና ሄድሴት ይሻላል የምለው። ኮንደንሰሩ በራሱ የተሻለ ሊሆን ይችላል፤ ከአፋችሁ ሠላሳ አርባ ሳንቲሜትር ርቆ ሲቀመጥ ግን ክፍሉን በሙሉ ይሰማል። የሄድሴቱ ማይክ አፍ አጠገብ ነው፣ ጭንቅላታችሁን ስታዞሩም አብሯችሁ ይዞራል። ማይክ ወደ አፍ በቀረበ ቁጥር ድምፃችሁ ይጎላል፤ መቅጃውን ዝቅ ታደርጉታላችሁ፣ ቬንትሌተሩም አብሮ ዝቅ ይላል።

የቀረችውን ትንሽ ሹሹታ ኦዳሲቲ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም መቀነስ ይቻላል። መጀመሪያ ላይ ዝም ያላችሁበት አሥር ሰከንድ እዚህ ይጠቅማል፤ ፕሮግራሙ ሹሹታውን ከእሱ ይለያል። አታብዙት። ሲበዛ ድምፃችሁ ውሃ ውስጥ ያለ ይመስላል።

«ፓፓያ» ስትሉ ይፈነዳል

ማይኩ ከአፋችሁ ፊት ለፊት ስለሆነ ትንፋሹ በቀጥታ ይመታዋል። ወደ ከንፈር ጥግ ውሰዱት፣ ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር ራቅ አድርጉት። ስፖንጁን መልሱ።

ድምፁ ደካማ ነው፣ ወይም ይሰነጠቃል

ስታወሩ በመቅጃ ፕሮግራሙ የድምፅ መለኪያ ላይ ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ በታች በ12 እና በ6 ዲሲቤል መካከል ይዋል። ዜሮ ከነካ ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀ ድምፅ ደግሞ አይታከምም። መጠኑ ልክ ሆኖም ድምፁ ከሩቅ የሚመጣ ከመሰለ ማይኩ ዞሮባችሁ ይሆናል። አንዳንድ ማይክ የሚሰማው በአንድ ጎኑ ነው። ያንን ጎን ወደ አፋችሁ አዙሩ።

ክፍሉ ይደግማል

ሲሚንቶ ግድግዳ፣ ሴራሚክ ወለል፣ ባዶ ክፍል። ምንጣፍ አንጥፉ፣ ወፍራም መጋረጃ ስቀሉ፣ ፍራሽ ግድግዳ ላይ አስደግፉ። ሐረር ጀጎል ውስጥ የሐረሪ ቤት የማግኘት ዕድል ያለው ሰው እዚያ ይቅዳ። ነደባው (መቀመጫ መደቡ) በምንጣፍና በትራስ የተሞላ ነው፣ ግድግዳው ላይ ስፌት ተሰቅሏል፤ ድምፅ የሚያነጥርበት ባዶ ቦታ ትንሽ ነው። ሐረር ደጋ ስለሆነ ቬንትሌተሩም ይቀራል።

«እምምም» የሚል ድምፅ ይሰማል

የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉና በባትሪ ቅዱ። ከጠፋ ምክንያቱ ኤሌክትሪኩ ነው፤ ብዙ ጊዜ ምድር መስመር በሌለው ሶኬት ይመጣል። ባትሪው ካለቀ የዩኤስቢ ሄድሴት ሞክሩ። የራሱ የድምፅ ካርድ ስላለው ከላፕቶፑ የድምፅ ካርድ የሚመጣውን ጫጫታ ያስቀራል።

የእንግዳው ድምፅ ሁለቴ ይሰማል

በኢንተርኔት ስታወሩ የእንግዳው ድምፅ ከማዳመጫችሁ ሾልኮ ማይካችሁ ውስጥ ይገባል። ማዳመጫውን ቀንሱት። ጆሮን ገጥሞ የሚዘጋ ማዳመጫ ከሆነ ይበልጥ ይረዳል።

ይህ ሁሉ ካልፈታው

ያኔ ግዙ። ባለገመድ፣ በተለይ ዩኤስቢ ይሁን። ማይኩ ወደ አፍ የሚቀርብና የሚታጠፍ ክንድ ይኑረው። ካርዲዮይድ የሚል ምረጡ፤ ከፊቱ ያለውን ድምፅ ያስቀድማል፣ ከጀርባው ያለውን ይቀንሳል። የጆሮው ትራስ ከፕላስቲክ ቆዳ ይልቅ ጨርቅ ቢሆን ለድሬ ሙቀት ይሻላል፤ ቆዳው በላብ ቶሎ ይላጣል። ካርቶኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ብቻ አትመኑ። ስልካችሁንና ሄድሴቱን ከስልኩ ጋር የሚያገናኘውን ማገናኛ ይዛችሁ ሂዱ፣ ገንዘብ ሳትከፍሉ ሱቁ ውስጥ ቅዱና ስሙ። ባለሱቁ አይሞከርም ካለ ሌላ ሱቅ ሞክሩ።