ከዋልታ አፈር ፈንገስ እንዴት እናወጣለን?

ስቫልባርድ፣ በሰሜን ዋልታ አካባቢ ያሉት የኖርዌይ ደሴቶች ላይ፣ መሬቱን ስታዩት ምንም የሚኖርበት አይመስልም። ጠጠር፣ እርጥብ ጭቃ፣ እዚህም እዚያም መሬት ላይ የተለጠፈች፣ ከጥቂት ሴንቲ ሜትር የማታልፍ አኻያ። ግን አንድ ማንኪያ አፈር ውስጥ ብዙ ዓይነት ፈንገስ አለ። ሻጋታ አለ፣ እርሾ አለ፣ የአኻያዋ ሥር ላይ ተጠምጥሞ ውሃና ማዕድን እያቀበላት በምላሹ ስኳር የሚወስድም አለ።

አፈር የመውሰጃ ፈቃዱን ቀድማችሁ ጨርሱ። ከዋናው ከተማ ከሎንግየርቢየን ወጣ ካላችሁ የዋልታ ድብ አለ፣ ጠመንጃ መያዝ የሚያውቅ ሰው ሳይኖር አትንቀሳቀሱ።

አፈሩን በበጋ፣ የላይኛው ሽፋን ሲቀልጥ ውሰዱ። ማንኪያውን በአልኮል ጠርጋችሁ በእሳት ለብልቡት። ብዙ ሰው ከአምስት ቦታ ወስዶ አንድ ላይ ይቀላቅላል። እኔ አልወደውም። ከአኻያዋ ሥር ያለውና ባዶው ጠጠር ውስጥ ያለው አንድ አይደለምና ለየብቻ ያዙት። እዚያው ሜዳ ላይ አንድ ባዶ ቱቦም ከፍታችሁ ዝጉ። በኋላ እሱ ውስጥ ፈንገስ ከተገኘ ከአፈሩ ሳይሆን ከእናንተ እጅ የመጣ ነው።

አሁን ዋናው ነገር፣ ሙቀት። እኔ መጀመሪያ ስሞክር እንደተማርኩት አፈሩን 45 ዲግሪ ገደማ ከነበረ የቀለጠ አጋር (ፈንገስ የሚበቅልበት፣ ሲበርድ የሚረጋ ምግብ) ጋር ቀላቀልኩና ሳህኖቹን 25 ዲግሪ ላይ አስቀመጥኩ። በአራት ቀን ሳህኑ ሁሉ አረንጓዴ ሆነ፣ እንጀራ ሲቆይ እንደሚያወጣው ሻጋታ። ፔኒሲሊየም ነበር። ማስታወሻዬ ላይ «ሁለት ዓይነት ብቻ» ብዬ ጽፌ የተረፈውን አፈር ጣልኩት። አሁንም ይቆጨኛል። ያ አፈር 25 ዲግሪ የለመደ አይደለም! እውነተኛ ቅዝቃዜ ወዳዶቹ የሚመቻቸው 15 ዲግሪና ከዚያ በታች ነው፣ ከ20 ካለፈ አያድጉም። እኔ እነሱን ገድዬ የትም የሚበቅለውን ስቀልብ ነበር።

ስለዚህ አጋሩን በእንፋሎት ግፊት በ121 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ ቀቅላችሁ ሳህን ላይ አፍስሱ፣ ይርጋ፣ ከዚያ ፍሪጅ ውስጥ ይደር። 1 ግራም አፈር በ9 ሚሊ ሊትር ንጹህ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡ፣ ከዚያም 1 ሚሊ ሊትር ወስዳችሁ እንደገና በ9 አቅጥኑት። ቱቦዎቹ በረዶ ላይ ይሁኑ። ከበጠበጣችሁት 0.1 ሚሊ ሊትር አጋሩ ላይ ጠብ አድርጋችሁ ቀቡት፣ ውስጡ አትቀላቅሉት። ባክቴሪያ እንዳይበቅል አጋሩን ሳህን ላይ ሳታፈሱ በፊት ክሎራምፌኒኮል የሚባለውን አንቲባዮቲክ ጨምሩበት። የድንች አጋሩን ደግሞ እኔ ወደ አንድ አሥረኛ አቀጥነዋለሁ፣ ምክንያቱም ምግቡ ከበዛ ፈጣኖቹ ዝግተኞቹን ይሸፍኗቸዋል። ሳህኖቹን ሦስት ቦታ ከፍላችሁ 4፣ 10 እና 15 ዲግሪ ላይ አስቀምጡ። ዳራቸውን በፓራፊልም፣ በሚለጠጠው ስስ መጠቅለያ፣ ጠቅልሉ፣ አለበለዚያ በሁለት ሦስት ወር ይደርቃሉ። አዎ፣ ወር ነው ያልኩት።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ምንም ላታዩ ትችላላችሁ። አትጣሉ። እንደ ምራኪያ ያሉ እርሾዎች ክሬም መስለው ይመጣሉ፣ ፕሱዶጂምኖአስከስ የሚባለው ሻጋታም ቀስ ብሎ ይከተላል። አዲስ መልክ ባያችሁ ቁጥር በዚያው ቀን ወደ ሌላ ሳህን አዛውሩ።

ሳህን ሁሉንም አያሳይም። ከሥር ጋር የሚኖሩት አብዛኞቹ ያለ ተክላቸው እምቢ ይላሉ። ለእነሱ ከአፈሩ ዲኤንኤ አውጥታችሁ አይቲኤስ የሚባለውን የዲኤንኤ ክፍል አንብቡ። ከ2012 ጀምሮ የፈንገስ መለያ ሆኖ የሚሠራበት እሱ ነው። ያነበባችሁትን ዩናይት ከሚባለው የፈንገስ ዲኤንኤ የመረጃ ቋት ጋር አስተያዩት። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፣ ቅዝቃዜ የሞተውንም ዲኤንኤ ለረጅም ጊዜ ያቆያል። ስሙ ወጣ ማለት በሕይወት አለ ማለት አይደለም። ለዚህ ነው ሳህኑንም ዲኤንኤውንም ጎን ለጎን የምሠራው።

አፈሩን ደግሞ ግማሹን አትንኩት። ስም ጽፋችሁበት በሚነስ 80 ዲግሪ አስቀምጡት።