ሮምን ፎቶ ስታነሱ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠንቀቁ

መጀመሪያ ከሮም ስመለስ ፎቶዎቼን ሳያቸው ቅር አለኝ። ሁሉም ፖስትካርድ ነው የሚመስሉት። ከ2,000 ዓመት በላይ የኖረ ከተማ ውስጥ ዞሬ፣ ዕድሜው የሚታይበት አንድ ፎቶ አልያዝኩም። ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ ሄጃለሁ። የተማርኩትን ልንገራችሁ።

ረፋድ ላይ መውጣት

ከጠዋቱ 4 ሰዓት ትሬቪ ፏፏቴ ብትደርሱ የምታነሱት የሰው ጀርባ ነው። በሐምሌ ፀሐይ የምትወጣው 12 ሰዓት ሳይሞላ ነው፤ ያኔ ውጡ። ብርሃኑ ከጎን ስለሚመጣ የድንጋዩ ጭረት ሁሉ ጥላ ይጥላል። ኮሎሲየም ግድግዳው የተበሳሳ ነው አይደል? ድንጋዮቹን ያያያዘው ብረት በመካከለኛው ዘመን ተፈልቅቆ ሲወሰድ የቀሩ ቀዳዳዎች ናቸው። ማለዳ አንድ በአንድ ይታያሉ።

ስልኩን ማንጋጠጥ

ሕንፃው ወደ ኋላ የሚወድቅ ይመስላል። ራቅ በሉ፣ መንገድ ተሻገሩ፣ ስልኩን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ። ካዘነበለ ስልኩ ላይ 0.5 የሚለው ሰፊ ሌንስ ያባብሰዋል።

ፓንቴዎን ውስጥ ከጨለማው ጋር መታገል

እዚህ ትንሽ ልቆይ፣ የምወደው ቦታ ነው። ንጉሠ ነገሥት ሃድሪያን ያሠራው ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ126 አካባቢ ነው ያለቀው። የጉልላቱ ስፋት 43 ሜትር ገደማ ነው፤ ከወለል እስከ ጫፍም ያው ነው። መስኮት የለውም። አናቱ ላይ 9 ሜትር ገደማ የሚሰፋ ክብ ክፍት አለ፤ ፀሐይ በዚያ ገብታ ግድግዳው ላይ ትዞራለች። ስልክ ጨለማ ሲያይ ፎቶውን ያነጣዋል፣ ጨረሩም ይጠፋል። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ ብርሃኑ ያረፈበትን ንኩና ድምቀቱን ቀንሱ። ጥቁሩ ይጥቆር። ማለዳ ያልኩትም እዚህ አይሠራም፤ የሚሻለው ቀትር ነው። የሮም ልደት በሚከበርበት በሚያዝያ 13 ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ጨረሩ መግቢያው ላይ ያርፋል። ከቻላችሁ ያን ቀን ሂዱ።

አዲሱን ሁሉ ከፎቶ ማውጣት

ትራስቴቬሬ ሰፈር የተሰጣው ልብስም፣ ቬስፓውም የከተማው ነው። ዩልየስ ቄሳር በተገደለበት በላርጎ አርጀንቲና ፍርስራሽ ዛሬ ድመቶች ይተኛሉ። ድመቷን ከፎቶው ቆርጣችሁ አታውጧት።

የቆሙበትን ሳያውቁ ማለፍ

ይኼ ለእኛ ይብሳል። ከቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ያለው አደባባይ ስሙ «የአምስት መቶዎቹ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1887 ዶጋሊ ላይ የራስ አሉላ ጦር የደመሰሳቸው የጣልያን ወታደሮች ናቸው አምስት መቶዎቹ። ትንሽ ራቅ ብሎ ዛፎች መሃል የመታሰቢያ ሐውልታቸው አለ፤ ከግብፅ የመጣ የዳግማዊ ራምሴስ ድንጋይ ነው። ስንት ሐበሻ ሻንጣ እየጎተተ በአጠገቡ ያልፋል! ጫፉን ብቻ አታንሱ። ወረድ ብላችሁ መሠረቱን ከነጽሑፉ አንሱ።

ከዚያ ወደ ፖርታ ካፔና ሂዱ፣ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) ሕንፃ ፊት ለፊት። ከእ.ኤ.አ. 1937 ጀምሮ የአክሱም ሐውልት የቆመው እዚያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 አገሩ ገባ። አሁን መኪና ብቻ ይሽከረከርበታል፣ ቱሪስት ካሜራ አያወጣም። እኔ ክፍቱን ቦታ አነሳሁት፤ ከፎቶው አብዛኛውን ለሰማዩ ሰጠሁት። እናቴ አይታ «ምኑን ነው ያነሳሽው?» አለችኝ። ነገርኳት። አሁን ሳሎኗ ውስጥ ተሰቅሏል፤ ከጎኑ ሐውልቱ አክሱም ቆሞ የሚታይበት ፎቶ አለ።