ከአብሃ እስከ ኮምቦልቻ፦ የርካሽ አየር መንገድ ትኬት እንዴት ይቆረጣል?

ደሴ ውስጥ ሳውዲ ዘመድ የሌለው ቤት ብዙ አይደለም። ስለዚህ ስልክ መነካካት የሚችል ሰው ሁሉ ሳይወድ ትኬት ቆራጭ ይሆናል። እኔንም አክስቴ የሾመችኝ እንዲሁ ነው። «አንተ ታውቅበታለህ አይደል?» አለች፤ በቃ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአክስቴ ልጅ የምትሠራው ሳውዲ ውስጥ፣ አብሃ ከተማ ነው። አገር ቤት የሚያመጣት አውሮፕላን ግን የሚነሳው ከጅዳ ነው። መሀል ያለውን መንገድ በርካሽ አየር መንገድ መሸፈን ይቻላል። ለምሳሌ በፍላይአዲል።

ፍላይአዲል የሳውዲያ ልጅ ነው ማለት ይቻላል። ሳውዲያ የአገሩ ትልቅ አየር መንገድ ነው። እዚያው አገር ናስ ኤር፣ የዛሬው ፍላይናስ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 በርካሽ ዋጋ መብረር ጀምሮ ነበር። ሳውዲያም የራሱን ርካሽ አየር መንገድ አቋቋመና እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 23 ቀን 2017 የመጀመሪያው በረራ ከጅዳ ወደ ሪያድ ተደረገ። የኬንያ አየር መንገድም ጃምቦጄት የሚባል እንዲህ ያለ ልጅ አለው፤ መብረር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። የእነዚህ ድርጅቶች ዘዴ አንድ ነው፤ መቀመጫውን ብቻ በርካሽ ይሸጡላችኋል። ሻንጣው፣ ምግቡ፣ መስኮት ዳር መቀመጡ ሁሉ ለየብቻ ይከፈልበታል።

1. ረጅሙን በረራ መጀመሪያ ቁረጡ

ከጅዳ አዲስ አበባ ያለውን አስቀድሙ። ኮምቦልቻንም እዚያው ትኬት ላይ አስገቡት። ለብቻው ከተቆረጠ የሻንጣው ኪሎ በአገር ውስጥ በረራ ልክ ይሆንና ቦሌ ላይ ብርድ ልብስ ከሻንጣ ማውጣት ይመጣል።

2. አጭሩን ከነሻንጣው አስሉ

መጀመሪያ የሚታየው ዋጋ ያጓጓል። አትቸኩሉ። ከሳውዲ የሚመጣ ሰው በአንድ የእጅ ቦርሳ ሲመጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሻንጣውን ጨምሩና የመጨረሻው ገጽ ላይ ያለውን ድምር ከሌሎቹ ጋር አወዳድሩ። አንዳንዴ ሻንጣ የሚጨምረው የትልቁ አየር መንገድ ትኬት ይረክሳል። ኪሎውን ትኬቱ ሲቆረጥ ግዙ። ኤርፖርት ላይ ሲሆን ዋጋው ይንራል።

3. መሀል ላይ ሰፊ ሰዓት ተዉ

ሁለቱ ትኬቶች ለየብቻ የተቆረጡ ናቸው። አንዱ አየር መንገድ ሌላውን አያውቀውም። ስለዚህ ልጅቱ ጅዳ ላይ ሻንጣዋን ተቀብላ፣ ተርሚናል መቀየር ካለባት ቀይራ፣ እንደ አዲስ ትሰለፋለች። የመጀመሪያው አውሮፕላን ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጣት «የኔ ጥፋት አይደለም» ብላ የምትከራከረው ሰው የለም። ትኬቱ ተቃጠለ ማለት ነው። እኔ ከ8 ሰዓት በታች ልዩነት አልቆርጥም። ጅዳ ዘመድ ካላትማ አንድ ቀን ቀድማ ብትገባ ይሻላል፤ ቡናም ትጠጣለች።

4. ስም ፊደል በፊደል

መሐመድ የሚለውን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ስንቱ ስንት ዓይነት አድርጎ ይጽፈዋል! የኛ አገር ሰው ደግሞ ከሦስት ስም አንዱ መሐመድ ነው። ዘመድ በስልክ የነገራችሁን አትጻፉ። የፓስፖርቱን ፎቶ አስልኩና እሱን እያያችሁ ሙሉ። ፎቶው ላይ የፓስፖርቱ ማብቂያ ቀን አብሮ ይታያችኋል። የኢቃማውንም፣ ማለትም የሳውዲ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ እዩት። የመውጫና መመለሻ ቪዛው ግን የአሠሪዋ ጉዳይ ነው፤ ሳይወጣ ትኬት አትቁረጡ።

5. ሰዓቱን ወደ ሐበሻ መልሱ

ይሄ ላይ ተቃጥያለሁ። የአንድ ዘመዴን ትኬት ስቆርጥ ማክሰኞ 00:40 የሚል ነበር። «ማክሰኞ ሌሊት 6:40» ብዬ ላክሁለት። እሱም ማክሰኞ አመሻሹ ላይ ሻንጣውን እየጎተተ ደረሰ። አውሮፕላኑ የሄደው በዋዜማው፣ ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ከፈልኩ።

ሒሳቡ ይሄ ነው። ከ07 እስከ 18 ያለውን 6 ቀንሱ። ከ19 እስከ 23 ያለውን 18 ቀንሱ። ከ00 እስከ 06 ያለውን ደግሞ 6 ጨምሩበት። 14:30 የቀኑ 8:30፣ 20:00 ከምሽቱ 2 ሰዓት ይሆናል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ለሚነሳ በረራ «ኤርፖርት የምትሄጂው ሰኞ ማታ ነው» ብላችሁ ጻፉላት። ደግነቱ ሳውዲና እኛ ሰዓታችን እኩል ነው፤ የሚለያየው አቆጣጠሩ ብቻ ነው።

6. ከመሄዷ በፊት

ቼክ ኢኑን በስልክ ጨርሱላትና ቦርዲንግ ፓሱን በዋትሳፕ ላኩላት። የእጅ ሻንጣዋን ትመዝን፤ ርካሾቹ እሱ ላይ ጥብቅ ናቸው፣ ብዙ ጊዜ 7 ኪሎ ነው። ዘምዘም ለእናቷ መያዟ አይቀርም። ሻንጣ ውስጥ ጠቅልላ እንዳትከተው፣ አይፈቀድም። ታሽጎ የሚሸጠውን ካርቶን ለብቻው ትያዝ። ርካሹ በረራ ይቀበለው እንደሆን ግን ትኬቱ ሲቆረጥ እዩ፤ ካልተቀበለ ጅዳ ከደረሰች በኋላ ትግዛው።

ከኮምቦልቻ የሚቀበላት ሰው ከደሴ ሲነሳ መሀል ላይ ያለውን የሐረጎን ተራራ ያስብ። ጉም የለበሰ ቀን ጠመዝማዛው የሚሄደው በዝግታ ነው። አክስቴ ግን ይሄ አያስጨንቃትም፤ በዋዜማው ወርዳ ኮምቦልቻ አድራለች።